እንዳትሰማ

ባሕር ዳርን በጠዋት ነው ማየት። የማህሌት የመጀመሪያ ምክር ይህ ነው፤ ማይክራፎኑን አፏ ላይ ለጥፋ ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ ትደጋግመዋለች። ጣና ጠዋት ጠዋት ጭምት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ግን ጠባዩ ይለወጣል ትላለች። ክብራን ገብርኤል ሴት አትወርድም፤ ቅር እንዳይላችሁ፣ አጠገቡ እንጦስ ኢየሱስ አለላችሁ። ጉማሬ ማየት የፈለገ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል አፉን ዘግቶ ይጠብቅ። ዓሣው ዓይናችሁ እያየ ይጠበስላችሁ። ጢስ ዓባይ ከመሄዳችሁ በፊት ውኃው መለቀቁን ጠይቁ፤ አለዚያ ድንጋይ ጎብኝታችሁ ትመለሳላችሁ።

እኔ ሾፌሩ ኑሩ ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላህ ነው የሚያውቀው። ማህሌት የደብረ ታቦር ልጅ ናት፤ ቱሪዝም ተምራ መጥታ የአገሯን ሰው ባሕር ዳር እያመላለሰች ታስጎበኛለች። ደግ ልጅ ናት፤ ጉድለቷ ዝም ማለት አለመቻሏ ብቻ ነው። አንድ ቀን ግን ዝም አለች፤ የምነግራችሁም የዚያን ቀን ነው።

ያን ቀን የጫንኳቸው ከደብረ ታቦር በላይ ያለችው የገሳይ የእመቤታችን ማኅበርተኞች ነበሩ፤ ሁሉም ሴቶች። አዝመራው ገብቷል፣ ዐቢይ ጾም ገና አልተያዘም፣ ቀኑ ቅዳሜ ነው። ሐይቁን ጉና ላይ ወጥተው በጠራ ቀን ከሩቅ ሲያብለጨልጭ አይተውት ይሆናል እንጂ እጃቸውን ነክረውበት አያውቁም። ጉዞውን ያሰናዱላቸው የደብራቸው መሪጌታ አስረስ ናቸው፤ እኔንም ማህሌትንም በስልክ ያናገሩን እሳቸው ናቸው። ጎህ ሲቀድ ገሳይ ደርሼ ሴቶቹን አሳፈርኩ፤ ማህሌትን ደብረ ታቦር ላይ ጨመርናት።

ከሁሉም ታላቅ ወይዘሮ ወርቅነሽ ነበሩ። መኪናው ሙሉ «እቴ» ነው የሚላቸው። እቴ እዚህ ይቀመጡ፣ እቴ ብርድ እንዳይመታዎ፣ እቴ መስኮቱን ልዝጋልዎ። ገሳይ ላይ አንቱታ ቀልድ አይደለም፤ ታላቁን አንተ ያለ ልጅ በኩርኩም ነው የሚታረመው፤ ወይዘሮ ወርቅነሽን ደግሞ ቄሱ ሳይቀሩ አንቱ ይሏቸዋል። መምጣቱን አልፈለጉትም ነበር። ልጃቸው ምሕረትአብ ኩላሊቱን ታሞ ከተኛ ሰንብቷል። ውኃውን አይተው እንዲነግሩት ለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ አስጨንቆ የላካቸው እሱው ነው።

ከጎናቸው የተቀመጠችው እቴነሽ ናት። በእኔ ዕድሜ ናት፤ ሳቂታ፣ ቀልጣፋ፣ የሰው ሥራ ቀምታ የምትሠራ ዓይነት ሴት። ልጇ በረከት ዘንቢሏን ተሸክሞ መኪናው ድረስ አደረሳት። ነፋስ መውጫ ጭነት የሚያመላልስ፣ ትከሻው ሰፊ ጎረምሳ ነው። እናቱን መስኮት ጋ እንዳስቀምጥለት ለመነኝ። እሷ ደግሞ ሙሽራ የሚሸኝ መሰለው እንዴ እያለች ሳቀችበት፤ ሥራው እንዳይረፍድበትም አባረረችው። መኪናው ሲነቃነቅ ቆሞ እጁን ሲያወዛውዝ በመስታወት አየሁት።

ባሕር ዳር ስንደርስ ሐይቁ ገና ጸጥ ብሎ ነበር። ሴቶቹ ወደቡ ላይ ተደርድረው ቆሙ። ወይዘሮ ወርቅነሽ አማተቡና ማዶውን ፈለጉት፤ አጡት። ጀልባው ሊጭነን ሲጠጋ የማህሌት ስልክ ጠራ። እየሳቀች ነበር ያነሣችው። ከዚያ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። «እሺ» ብቻ አለች። ስልኩ ሲቋረጥ እጄን ይዛ ከሰዉ ገለል አደረገችኝ።

«መሪጌታ አስረስ ናቸው» አለችኝ። «‹የእቴ ልጅ አርፏል፤ መንገድ ላይ እንዳትሰማ፤ አቆይታችሁ ሲመሽ አምጧት፤ ነገ በማለዳ እኛ እንነግራታለን› አሉኝ። ኔትወርኩ ጠፋ።»

ሁለታችንም ወይዘሮ ወርቅነሽን አየናቸው። ጀልባው ጫፍ ላይ እግራቸውን ለማሳረፍ ፈርተው፣ እንደ ልጃገረድ እየሳቁ፣ እቴነሽን ትከሻዋን ተደግፈው ነበር። ለካ የምሕረትአብ ነገር አልቆለታል አልኩ በሆዴ። ማህሌት መልሳ ደወለች፤ አይነሣም። ልቅሶ ቤት ስልክ ማን ያነሣል።

በእኛ አገር መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። በዚህ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ነው። መርዶ በማለዳ ነው፤ በቤት፣ ዘመድ ከቦ፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ተመርጦ። ልጇ የሞተባትን እናት መንገድ ላይ ማስደንገጥ ሌላ ሬሳ መጨመር ነው ይላሉ። ስለዚህ ሥራችን ታወቀ። ቀኑን ሙሉ እየሳቅን፣ ወይዘሮ ወርቅነሽን ይህንን እዩ ያንን እዩ እያልን፣ ፀሐይዋን መግፋት ነው።

አስቸጋሪው ስልኩ ነበር። የገሳይ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ከሴቶቹ የአንዷ ባል ወይም ልጅ ሳያስብ ቢደውል ነገሩ አበቃ። ማህሌት እዚህ ላይ ብልጥ ናት። ጀልባ ላይ ስልክ ውኃ ይገባበታል፣ ስንቱ ቱሪስት እንደተበላሸበት አታውቁም ብላ ሁሉንም ሰበሰበች፤ አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ቆለፈችው። ሴቶቹ እያመሰገኑ ሰጧት።

ከዚያ ለእቴነሽ ብቻ እንንገራት አልን። አጠገባቸው ያለችው እሷ ናት፤ ጠንካራ ናት፤ ሳታውቅ ብትቀር ደግሞ በደግነት ስልክ ተበድራ ልታስደውላቸው ትችላለች። ማህሌት ጆሮዋ ላይ ተጠግታ ነገረቻት። ከደብሩ እንደተደወለ፣ የእቴ ወርቅነሽ ልጅ እንዳረፈ፣ እስኪነጋ እንዳይሰሙ። እቴነሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎረሰችው። ዓይኖቿ ሞሉ፤ ሳይወርዱ በእጇ ጠረገቻቸው።

«ለእኔ ተዉት» አለች። «ቤታቸው እስኪገቡ ከጎናቸው አልነቃነቅም።»

እውነትም አልተነቃነቀችም። ጀልባው ላይ አቅፋ አስቀመጠቻቸው። እንጦስ ስንደርስ ደረጃውን ደግፋ አወጣቻቸው። ወይዘሮ ወርቅነሽ ለምሕረትአብ ስለት አለብኝ ብለው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተንበርክከው ቆዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም፤ ልጄን አንሣልኝ እያሉ ሲለምኑ ሁላችንም ሰማን። እቴነሽ ከኋላቸው ተንበርክካ አሜን ትላለች። ማህሌት ጥላን ወደ ውኃው ወረደች። እኔ የሌላ ሃይማኖት ሰው ነኝ፤ ግን የዚያን ቀን ያለቀለትን ሰው አንሣ ብሎ መለመን ምን ማለት እንደሆነ አየሁ።

ቀትር ሲሆን ጀልባ ነጂው እንመለስ አለ። ማህሌት ሌላ ደሴት እንይ አለችው። እሱ ሰማዩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ይህቺ ሴት ናት እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ ከቀትር በኋላ ጣና ላይ አትገኙ እያለች የምትመክር። ደሴቱን ዞረን ስንመለስ ነፋሱ መጣ። ውኃው እንደ ድስት ገነፈለ፤ ጀልባው ፊቱን ሰቅሎ ይወድቃል፤ ሴቶቹ ማርያም ማርያም እያሉ አንዷ የሌላዋን ቀሚስ ጨበጡ። ነጂው ማህሌትን ሰደባት። ወይዘሮ ወርቅነሽ ግን ስለ ራሳቸው አልነበረም ጭንቃቸው። እኔ እዚህ ብቀር ያን በሽተኛ ማን ያገላብጥልኛል ይላሉ ደጋግመው። እቴነሽ ጭንቅላታቸውን ደረቷ ላይ አስደግፋ በነጠላዋ ሸፈነቻቸው። ወደቡ ላይ ስንወርድ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሶ ነበር።

ዓሣ ቤቱ ውስጥ ወይዘሮ ወርቅነሽ አልበላም አሉ። ስልክ ስጡኝ፣ ልጄን ላናግረው፣ ውኃውን አይቼዋለሁ ልበለው አሉ። እቴነሽ ኔትወርክ የለም አለቻቸው። ትንሽ ቆይተው ደግመው ጠየቁ። አሁን ተኝቶ ይሆናል፣ አይቀስቅሱት አለቻቸው። ሦስተኛ ሲጠይቁ ዓሣውን እሾሁን ለቅማ አጎረሰቻቸው፤ አፋቸው ሞልቶ ዝም አሉ። ውሸት ሲበዛ ያልቃል ይባላል፤ እቴነሽ ላይ ግን ሲያልቅ አላየሁም።

ከዚያ ቤዛዊት ኮረብታ ወጣን። ዓባይ ከታች ተጠማዞ ሲሄድ የሚታይበት ቦታ ነው፤ ማህሌት ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ ስለ ጉማሬው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ስላለው ውበት ሌላ ጊዜ ብዙ ታወራ ነበር። አሁን እጇን ዘርግታ «ያውላችሁ» ብቻ አለች። ሴቶቹ ተበትነው ሲያዩ እቴነሽ ወደ እኔ መጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ወይዘሮ ወርቅነሽን ለሌላ ሰው አደራ ሰጥታ ነው።

«ኑሩ» አለችኝ፤ «ጠዋት በበረከት ሳቅሁበት አይደል? የእሳቸው ልጅ እየተገነዘ እኔ በልጄ እስቃለሁ። ተመስገን ማለቱ ያሳፍራል፤ አለማለቱም ኃጢአት ነው።»

ተመስገን ማለት አያሳፍርም አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ነገ በማለዳ ሲረዱ የሚይዛቸው እሷ እንድትሆን ለደወለው የደብሩ ሰው እንድንነግርላት ለመነችኝ። ሌላ ሰው ከያዛቸው ይወድቃሉ፣ ክብደታቸውን የማውቀው እኔ ነኝ አለች። ቀኑን ሙሉ ስትደግፋቸው ስለዋለች ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ገና ፀሐይ አለ። በዚህ ከሄድን በቀን ገሳይ እንገባለን። ማህሌት ሐሙሲት ላይ ታጠፍ አለችኝ፤ ወንዛዬ ፍል ውኃ እንሂድ። መንገዱ ጎማ የሚበላ ፒስታ ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን እጨቃጨቃት ነበር። ወይዘሮ ወርቅነሽ ቁርጥማትዎ ይለቅልዎታል ተባሉ። ሴቶቹ ደስ አላቸው።

ወንዛዬ ላይ ሴቶቹ በየፊናቸው ውኃው ውስጥ ገቡ። እቴነሽ የወይዘሮ ወርቅነሽን እግር አጥባ፣ አሽታ፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻቸውና ደረቅ ልብስ ልታመጣ ወደ መኪናው መጣች። እኔና ማህሌት በሩ ላይ ቆመናል። ሦስታችንም አንድ ላይ ነበርን የወይዘሮ ወርቅነሽን ድምፅ ስንሰማ። እየጮኹ ነው የሚያወሩት፤ በስልክ ሲያወሩ የሩቅ ሰው እንዲሰማ እንደሚጮኹት ሴቶች።

«አየሁት ልጄ። አየሁት። ማዶ የለውም። አንተስ እህል ቀመስክ? ጎንህን ተወህ?»

ከሐሙሲት የመጣች ሰሚራ የምትባል ታጣቢ ስልኳን ሰጥታቸው ኖሯል። ምሕረትአብ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥሮላቸው ኖሯል። እኛ ቦርሳ ስንቆልፍ የነጠላ ቋጠሮ ማን አስታወሰ። ሮጠን ደረስን። ከስልኩ ውስጥ የወንድ ድምፅ ይሰማል፤ ደካማ ነው፣ ግን ይስቃል። በሕይወት ያለ ሰው ሳቅ ነው።

እቴነሽ እልል አለች። ልብሱን ጥላ እልል አለች። ወይዘሮ ወርቅነሽን ግንባራቸውን፣ ጉንጫቸውን፣ እጃቸውን ሳመቻቸው፤ እሳቸው ምን ነካት ብለው ስልኩን እንደያዙ ያዩአታል። ሌሎቹ ሴቶች ምን እንደሆነ ሳያውቁ እልልታውን ተቀበሉ። እቴነሽ ወደ እኛ ዞራ በዓይኗ ብቻ፣ ምን ዓይነት ሟርተኞች ናችሁ፣ ብላ ሳቀችብን። እኔም ሳቅሁ። አልዋሽም፤ ከልቤ ነው የሳቅሁት።

ማህሌት ግን አልሳቀችም። ስልኳን ይዛ ከቅጠሉ ጀርባ ሄደች። ተከተልኳት። ይህን ጊዜ መሪጌታ አስረስ አነሡ። ምሕረትአብ ደኅና ነው አለቻቸው፤ አሁን እናቱ አናገሩት። ድምፃቸው ከስልኩ ወጥቶ እኔ ጋ ይደርሳል።

«ምሕረትአብን ማን አነሣው?» አሉ። «እኔ ያልኩሽ እቴን ነው። እቴነሽን። እኅቴን። በረከት ነው የሞተው፤ መኪናው ከገሳይ በላይ መጠምዘዣው ላይ ተገለበጠ። ምነው፣ ሰማች እንዴ?»

ማህሌት አልሰማችም አለች። ስልኩ ከእጇ ወደቀ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የእኅቱን ልጅ ሬሳ አጠገብ ቆሞ ለሚያወራ ሰው እኅትህ ማን ናት ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እኛም አልጠየቅንም። እኅቱን እቴ የሚል ስንት ወንድም አለ። በእኛ ጆሮ ግን እቴ ማለት ጠዋት መኪናው ሙሉ እቴ ያላቸው ሴት ናቸው። ከዚያ ማዶ ስልክ ከሚያወሩት እናት ጀርባ እቴነሽ እያጨበጨበች ነው።

ማህሌት ዓይኗን ታጥባ ተመለሰችና ስሕተት ነው አሉ አለቻት። የሌላ ደብር ሰው ነው፣ ስም ተመሳስሎ ነው። እቴነሽ ስሕተቱን እግዜር ይባርከው አለች። ሌላ አልጠየቀችም። ደስታ ሰውን ሞኝ ያደርጋል፤ አላህ ይመስገን ሞኝ አደረጋት አልኩ።

መኪናው ሲነሣ ዘፈኑን ያነሣችው እሷ ናት። ከሐሙሲት እስከ ወረታ አላቋረጠችም። ሴቶቹ እየተቀበሉ ያጨበጭባሉ። እኔ መስታወቱን ወደ ላይ አዞርኩት፤ ፊቷን ላለማየት። ትንሽ ቆይቼ ግን መልሼ አወረድኩት፤ ካላየኋት የባሰ ፈራሁ። ማህሌት ከጎኔ ተቀምጣ ቦርሳውን ጉልበቷ ላይ አቅፋለች።

ወረታን ስናልፍ እቴነሽ ዘፈኑን አቆመች። «ማህሌት፣ አሁንማ ስልኬን ስጪኝ» አለች ከኋላ፤ «እኔም የእኔን ልስማው።»

ማህሌት ባትሪው አልቋል አለቻት። ያጠፋሽው ስልክ እንዴት ባትሪው ያልቃል ብላ ሳቀች እቴነሽ። እኔ ገባሁበት፤ እዚህ ቁልቁለት ነው፣ ኔትወርክ የለም፣ ደብረ ታቦር ስንደርስ አልኩ። መንገዱ ዳገት ነበር። አንዲት ሴት፣ ለእኔም ስልኬን ስጪኝ አለች። ሌላዋም አለች። ማህሌት የቦርሳው ቁልፍ ጠፍቷል አለች። አንድ ውሸት ቢሆን ይበቃ ነበር፤ እኛ ሦስት አወጣን።

በመስታወቱ እቴነሽን አየኋት። ፈገግታዋ አልጠፋም ነበር፤ ግን ረስታው ነው የተወችው። ከዚያ ቀስ ብሎ ሄደ። ወደ ውጭ አየች። የማህሌትን ጀርባ አየች። መስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ እኔ ነኝ የሸሸሁት።

ዓለም በርን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ተነሣች። የወይዘሮ ወርቅነሽን ነጠላ አስተካክላ፣ ወንበር ወንበሩን እየያዘች ወደ ፊት መጣችና ከማህሌት ጀርባ ጎንበስ አለች። ከኋላ ሴቶቹ እየዘፈኑ ነው።

«የደወለልሽ ማን ነበር?» አለች።

ማህሌት ከደብሩ ነው አለች።

«ደብሩ አፍ የለውም። ማን?»

«መሪጌታ አስረስ።»

ሞተሩ ያቃስታል። ማርሽ ቀየርኩ።

«ቃሉን ንገሪኝ» አለች። «‹እንዳይሰሙ› ነው ያለሽ ወይስ ‹እንዳትሰማ›?»

ማህሌት «እንዳትሰማ» አለች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጠዋት ወደቡ ላይ ቃሉ ለሁለታችንም ጆሮ ደርሶ ነበር። እንዳትሰማ። አምጧት። እንነግራታለን። መሪጌታ አስረስ ወይዘሮ ወርቅነሽን አንቺ የሚሉበት አፍ የላቸውም፤ በሕልማቸውም አይሉም። እኛ ደብረ ታቦር አድገን፣ ከከተማ ሰው ጋር ስንውል፣ ቃሉ በጆሯችን አልፎ ሄደ። ገሳይ ያደገች ሴት ብትሰማው ኖሮ እዚያው ወደቡ ላይ ታውቀው ነበር። እኛ ግን በራሳችን አንደበት አንቱ እያልን ነበር የነገርናት።

«አስረስ እቴ ወርቅነሽን እንዳትሰማ አይልም» አለች። «ምላሱ ቢቆረጥ አይልም። እንዳትሰማ የሚለው እኔን ነው።»

ፍሬን ላይ እግሬን አሳረፍኩ።

«አታቁም» አለችኝ። «ንዳ። በረከት ነው?»

«እቴነሽ» አልኩ። እሱም በቃት።

ጎንበስ እንዳለች ወንበሩን ጨበጠች። ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተችና በጥርሷ ያዘችው። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ወንበሩ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። መርዶ መንገድ ላይ እንዳትሰማ ተብሎ ያን ሁሉ ስንደክም ውለን፣ መርዶዋን ዳገት ላይ፣ ዘፈን መሃል፣ ያውም ራሷ ለራሷ ተናገረች። የሚይዛት ሰው አልነበረም። ማህሌት እጇን ልትይዛት ዘረጋች፤ እቴነሽ ገፋቻት። ከኋላ ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ እቴነሽ ምን ሆና ነው፣ አሉ። መንገዱ አዙሯት ነው አልኩ።

ደብረ ታቦር እስኪታይ ድረስ እንደዚያው ቆየች። ከዚያ ነጠላውን ከአፏ አወጣች። ፊቷን ጠረገች። ስትናገር ድምፁ የእሷ አልመሰለኝም።

«ለአስረስ ሰምታለች እንዳትሉት። እንደ ደንቡ ነገ በማለዳ መጥቶ ይንገረኝ። እስከዚያ አልሰማሁም። አልሰማሁም ማለት፣ ልጄ አለ።»

እሺ አልኳት። ተመልሳ ወይዘሮ ወርቅነሽ ጎን ተቀመጠች። እሳቸው ምሕረትአብ በስልክ ያላቸውን ይነግሯታል፤ ራቱን በልቶ እንደሚጠብቃቸው፣ ድምፁ እንደ ጠራ፣ ስለታቸው እንደ ሰመረ። እሷም እሰይ፣ እሰይ ትላቸዋለች። አንዷ ሴት ዘፈኑን አንሺልን እንጂ አለቻት። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ እናንተ በሉ አለች፤ ማጨብጨቡን ግን አጨበጨበች። ማህሌት ከጎኔ ጉልበቷ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ደብረ ታቦር ስንደርስም አልወርድም አለችኝ።

ገሳይ ስንገባ ለዓይን መያዝ ጀምሯል። መሪጌታ አስረስ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር አስፋልቱ ዳር ቆመዋል። ጋቢያቸውን እንደ ወትሮው ለብሰዋል፤ ፊታቸውን አስተካክለው ነው የጠበቁን። ሴቶቹ ስልካቸውን ከማህሌት እየተቀበሉ፣ እየሳቁ ወረዱ። የሽማግሌዎቹን ዓይን ያዩት ሁለት ሦስቱ ግን ሳቃቸው ተቆረጠ፤ ነጠላቸውን ሳቡ። እቴነሽ ከሁሉ ኋላ ወረደች።

መሪጌታ፣ ባሕሩ እንዴት ነበር አሏት። ሰፊ ነው አለች። የሌላው ወንድማቸው ሚስት ራት ሠርታ እንደምትጠብቃት፣ የቤቷም ቁልፍ በሰው እጅ ስለሆነ እዚያው እንድታድር ነገሯት። ደህና የተጠና ውሸት ነው። ደስ ይለኛል አለች። ሽማግሌዎቹ በረጅሙ ተነፈሱ። እኔ ደግሞ ልጇ እንደ ሞተ የማታውቅ እናት አሁን ምን እንደምትጠይቅ አሰብኩ። እሷም አሰበችው መሰለኝ፤ ሄዳ ነበር፣ ቆመች።

«በረከትስ?» አለች።

«ነፋስ መውጫ አድሮ ነው» አሉ መሪጌታ። «ነገ ይመጣል።»

ወንድሟን ፊት ለፊት አየቻቸው።

«እሺ» አለች። «ነገ ይምጣ።»

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ጨለማው አዞሩ። እሷ የወንድሟን ክንድ ይዛ፣ መንገዱ ድንጋይ አለው እያለች፣ እየደገፈች ወሰደቻቸው።